ጥያቄ፦ ስማቸው የገነነ የግሪክ ወንዞች ለምን እንዲህ ትንንሽ ሆኑ?

የኪፕሴሊዋ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አቴና ነው። ሥራ በሌለኝ ቀን የጥንት ታሪክ አነባለሁ፣ ያነበብኩትን ቦታ ደግሞ ሄጄ ካላየሁ አይሆንልኝም። ሰሞኑን ሶቅራጥስ እግሩን የነከረበትን የኢሊሶስን ወንዝ ፍለጋ ወጣሁ። ስልኬ እዚህ ጋ ነው ይለኛል፣ እኔ ግን የማየው አስፋልት፣ መኪናና የትራም ሐዲድ ነው። አንድ ሽማግሌ ብጠይቃቸው መንገዱን እያሳዩኝ «ከሥርሽ ነው» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ይከነክነኛል። ኢሊሶስ፣ ኤሪዳኖስ፣ ኪፊሶስ፣ አሶፖስ፣ ኢናኮስ። መጽሐፍ ላይ ስታገኟቸው አባይን የሚያህሉ ይመስላሉ። አማልክት የሚማልባቸው፣ ነገሥታት የሚሠዉላቸው፣ ጦር የሚያቆሙ ናቸው። መሬት ላይ ስትፈልጓቸው ግን ግማሾቹ በበጋ ጠብታ ውሃ የላቸውም።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ የጥንት ጸሐፊዎች አጋነው ነው ወይስ ሌላ ምክንያት አለው? ሁለተኛ፣ አቴና ውስጥ ዛሬም በዓይን የሚታይ የቀረ ነገር አለ? እዚህ አገር የኖራችሁ ወይም ያነበባችሁ ካላችሁ እባካችሁ አካፍሉኝ።

ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ ከሁለተኛው ልጀምር፣ እሱ ቀላል ነው። ኢሊሶስ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ከዜውስ ቤተ መቅደስ ትልልቅ ዓምዶች ጀርባ ውረጂና አጊያ ፎቲኒ የምትባለውን ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ፈልጊ። እዚያ ጋ የወንዙ ቋጥኝ ገላጣ ሆኖ ይታያል። ከቤተ ክርስቲያኗ አጠገብ ባለው ዐለት ላይ ጥንት የተቀረጸ የፓን ምስል አለ፣ በጣም ደብዝዟል፣ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ቀስ ብለሽ ካየሽው ግን ቅርጹ ይለያል። ፓን የእረኞችና የዱር አምላክ ነው። ፕሌቶ በጻፈው ጭውውት ሶቅራጥስ ከወንዙ ዳር ተነሥቶ ከመሄዱ በፊት የሚጸልየው ለእሱ ነው።

ወንዙን መሸፈን የጀመሩት ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ነው። ከተማው እየሰፋ ሲሄድ ጎርፉ አስቸገረ፣ ቆሻሻውም በዛ፣ መንገድም ተፈለገ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ከሥር ያለው ግንባታ አያስተማምንም ተብሎ በላዩ የሚሄደው ትራም ለጊዜው ቆሞ ነበር። እንግዲህ ወንዙ ከሥር ሆኖም ሥራውን አላቆመም ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። አላጋነኑም። ፕሌቶን ራሱን ረጋ ብለሽ አንብቢው። ሶቅራጥስና ወዳጁ ፋይድሮስ ከከተማው ቅጥር ወጥተው በኢሊሶስ ውስጥ በባዶ እግራቸው ይራመዳሉ። ልብ በይ፣ ውስጥ ለውስጥ ነው የሚሄዱት! ሰዓቱ እኩለ ቀን ሊሆን ተቃርቧል፣ ወቅቱም በጋ ነው፣ ውሃው እግር ቢያርስ ነው። ከዚያ ሰፊ ጥላ ያለው ትልቅ ዛፍ ሥር ይደርሳሉ። ከዛፉ ሥር ቀዝቃዛ ምንጭ ይፈልቃል፣ ሶቅራጥስም ቅዝቃዜውን በእግሩ ይሞክረዋል። ይኸው ነው። ትልቅ ወንዝ ነው ያለ የለም። ጥላ፣ ምንጭና ነፋስ ያለበት ቦታ ነው፣ በዚያ ሐሩር ውስጥ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እኔ ከዚህ ጭውውት በጣም የምወደው አንድ ቦታ አለ። ፋይድሮስ፣ የሰሜን ነፋስ አምላክ የንጉሡን ልጅ የጠለፋት እዚህ ይሆን እንዴ ብሎ ይጠይቃል። ሶቅራጥስ አይደለም ይለዋል፣ ሁለት ወይ ሦስት ስታድዮን ወረድ ብሎ ነው፣ ወደ አግራ መቅደስ የምንሻገርበት ጋ፣ የአምላኩ መሠዊያም እዚያው አለ። በእኛ መለኪያ 400 ወይ 500 ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ሰውዬው የሚናገረው ሰፈሩን እንደሚያውቅ ሰው ነው። እያንዳንዱ የወንዙ መታጠፊያ የራሱ ታሪክ ነበረው።

ሌላም አለ። በ5ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት ማለቂያ ላይ አቴናውያን በእብነ በረድ ላይ የቀረጹት ሕግ ተገኝቷል። ከሄራክሊስ መቅደስ በላይ ባለው የኢሊሶስ ክፍል ቆዳ መዘፍዘፍ ክልክል ነው ይላል። ቆዳ ማልፋትም፣ ጥራጊ ወንዝ ውስጥ መጣልም ተከልክሏል። ቆዳ ፋቂዎች ከላይ ሲሠሩ ሽታውና እድፉ ወደ መቅደሱ ይወርድ ነበር ማለት ነው። ትልቅ ወንዝ ቢሆን ይህ ሁሉ ሕግ ባላስፈለገ፣ ጠርጎት ይሄድ ነበር። ትንሽ ስለሆነ ነው መጠበቅ የነበረበት።

ድንጋይ ፈላጊ

ጋሼ እግዜር ይስጥልን፣ ስለ ቆዳው ሕግ ሲጽፉ ደስ አለኝ።

እኔ ኤሪዳኖስን ልጨምር፣ ምክንያቱም አቴና ውስጥ ዛሬም ውሃ ሲሄድበት የሚታየው እሱ ነው። ከሊካቪቶስ ተራራ ሥር ተነሥቶ በጥንቱ ገበያ በኩል አልፎ ወደ ኬራሚኮስ መቃብሮች ይወርዳል። ሞናስቲራኪ የባቡር ጣቢያ ትወርጂ የለ? እዚያው ጣቢያው ውስጥ ወደ ታች የሚያሳይ ክፍት ቦታ አለ፣ በሮማውያን ዘመን በጡብ ቅስት የተሸፈነው ወንዝ ከሥር ይታያል። ሰው ባቡር ለመያዝ ሲሮጥ ሳያየው ያልፋል። አንድ ቀን ቆም ብለሽ እዪው።

ከዚያ ወደ ኬራሚኮስ ፍርስራሽ ግቢ። ትኬት ቢያስከፍልም ያዋጣል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ478፣ ፋርሶች አገሩን ለቀው ከወጡ በኋላ፣ በጥድፊያ የተሠራው የከተማው ቅጥር እዚያ አለ። ቅዱስ በር የሚባለው በር የተሠራው ለሰው ብቻ አልነበረም፣ ወንዙም ጎን ለጎን በዚያው በር ይወጣ ነበር። ለምሥጢራዊው የአምልኮ ሥርዓት ወደ ኤሌፍሲና ከተማ የሚሄዱ ሰዎች በአንድ በኩል፣ ኤሪዳኖስ በሌላው በኩል። ዛሬም በክረምትና በጸደይ ውሃው ቀጭን ሆኖ ይወርዳል፣ እንቁራሪትና ኤሊ ሞልቶበታል፣ ልጆች ካሉሽ ይወዱታል።

ግን ሁሉም ወንዝ እንደ ቅዱስ ነገር ይታይ ነበር ብለሽ እንዳታስቢ። የጥንቱ የጂኦግራፊ ጸሐፊ ስትራቦ እንደጻፈው፣ ባለቅኔው ካሊማኮስ የአቴና ልጃገረዶች ከኤሪዳኖስ ንጹህ ውሃ ይቀዳሉ ብሎ የጻፈ ሰው ቢኖር ይስቅበት ነበር፣ ከብት እንኳ የማይጠጣው ውሃ ነው ብሎ። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ወንዙ የከተማው ፍሳሽ መሄጃ ሆኗል ማለት ነው። ለዚህ ነው ሮማውያን የሸፈኑት። ስለዚህ ወንዝን በአስፋልት መቅበር የዘመናችን ሰዎች ብቻ ሥራ አይደለም።

የኪፕሴሊዋ

ውይ በጣም ነው የማመሰግነው፣ ጋሼም አንተም። ሞናስቲራኪን በየሳምንቱ አልፍበታለሁ፣ ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

የመጽሐፍ ሰዎች አላጋነኑም የሚለው ገብቶኛል። የጦርነቱ ግን አሁንም አልገባኝም። በእግር የሚሻገሩት ወንዝ እንዴት ጦር ያቆማል? አሶፖስ ላይ ሁለት ትልልቅ ሠራዊት ፊት ለፊት ተፋጥጠው ከሳምንት በላይ ተቀመጡ ይባላል። ለምን?

ዘመቻ

ይህ የኔ ሰፈር ነው፣ ልግባበት።

ከክርስቶስ ልደት በፊት 479፣ ፕላቴያ። በስተሰሜን የማርዶንዮስ የፋርስ ጦር፣ በስተደቡብ የግሪኮች ጦር፣ መሐል ላይ አሶፖስ። የጥንቱ የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቶስ እንደሚለው ሁለቱም ወገን መሥዋዕት አስመረመሩ፣ ለሁለቱም የመጣው መልስ አንድ ዓይነት ነበር፦ ባለህበት ሆነህ ብትከላከል ይቀናሃል፣ ወንዙን ተሻግረህ ብትጀምር ግን አይቀናህም። የሚገርመው የሁለቱም ወገን መርማሪዎች ከአንድ አገር፣ ከኤሊስ የመጡ ነበሩ። ስለዚህ ተቀመጡ።

ነገሩ ሃይማኖት ብቻ ግን አይደለም። ወንዝ የሚሻገር ጦር ሰልፉ ይፈርሳል፣ ወንዙ ጉልበት ድረስ ቢሆንም እንኳ። ግሪኮች ከኮረብታው ወርደው ሜዳው ላይ ቢወጡ የፋርስ ፈረሰኛ ይጨርሳቸዋል። ፋርሶች ተሻግረው ወደ ኮረብታው ቢመጡ ፈረሱ ዋጋ የለውም። ትንሿ ወንዝ ለሁለቱም «ከዚህ ካለፍክ ብልጫህን ታጣለህ» የምትል መስመር ሆነች።

ከዚያ የውሃ ጥም ገባ። የፋርስ ፈረሰኞችና ቀስተኞች ግሪኮችን ከአሶፖስ ውሃ እንዳይቀዱ ከለከሏቸው፣ ያ ሁሉ ሠራዊት የሚጠጣው ጋርጋፊያ ከምትባል አንዲት ምንጭ ሆነ። ፈረሰኞቹ ምንጯንም ደርሰው ደፈኗት። ግሪኮች በሌሊት ቦታ ለመቀየር ተነሡ፣ ሰልፋቸው በጨለማ ተበታተነ። ጠዋት ማርዶንዮስ ሲያይ ሸሹ ብሎ አሰበና አሶፖስን በሩጫ ተሻገረ። ያ ውሳኔ ሕይወቱን አስከፈለው፣ ፋርስ ግሪክን የመያዝ ተስፋዋም በዚያ ቀን አበቃ። በእግር የሚሻገሩት ወንዝ እንዲህ ነው ጦር የሚያቆመው።

አንድ ዓመት ወደ ኋላ ብትሄጂ፣ ግሪኮች ፋርሶችን በጠባብ መተላለፊያ የገጠሙበት ቴርሞፒሌም ያው ነው። ሁሉም ሰው የሚያውቀው 300ዎቹን የስፓርታ ወታደሮች ነው። ሄሮዶቶስ ግን የጦር ሜዳውን ሲገልጽ የሚቆጥረው ጅረቶችን ነው። ስፔርኬዮስ፣ ከዚያ ዲራስ፣ ከዚያ ሜላስ፣ ከዚያ አሶፖስ (ይኼ ሌላ አሶፖስ ነው፣ ስሙ ብዙ ቦታ አለ)፣ ከዚያ ፎይኒክስ የምትባል ትንሽ ወንዝ። ከሁሉም ጠባቡ ቦታ ያለው ፎይኒክስ አጠገብ ነው፣ አንድ ጋሪ ብቻ የሚያሳልፍ መንገድ ይላል። ስለ ዲራስ ሲናገር ደግሞ ሄራክሊስ በእሳት ሲቃጠል ሊረዳው ከመሬት የፈለቀ ነው የሚባለውን ይጨምራል። ዛሬ ቴርሞፒሌ የሄደ ሰው ባሕሩ የት አለ ብሎ ግራ ይጋባል። ባሕሩ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቋል። የስፔርኬዮስ ደለል ነው ያራቀው፣ ያ ጠባብ በር አሁን ሰፊ ሜዳ ሆኗል።

ሄሮዶቶስ የፋርሱን ንጉሥ የዘርክሲስን ጦር ብዛት ሲያሳይም በወንዝ ነው የሚለካው። የኤኬዶሮስ ወንዝ ውሃ ለሠራዊቱ አልበቃም ይላል። ያ ወንዝ ዛሬ ጋሊኮስ ይባላል፣ ተሰሎንቄ አጠገብ ነው።

አሁን የሚያናድደኝን ልናገር። የፕላቴያው አሶፖስ እ.ኤ.አ. በ1969 የፋብሪካ ፍሳሽ መቀበያ እንዲሆን ተፈቀደ። ኢኖፊታ አካባቢ ፋብሪካ በፋብሪካ ሆነ። በ2007 የአካባቢው የመጠጥ ውሃ ውስጥ አደገኛው የክሮሚየም ዓይነት መገኘቱ ይፋ ሆኖ አገር ተንጫጫ። አቴናውያን ለአንድ መቅደስ ብለው ቆዳ መዘፍዘፍን ከከለከሉ ከ2,400 ዓመት በኋላ፣ የአገሪቱን ነፃነት ያየው ወንዝ እንዲህ ተደረገ። ይህን ሳስብ ያመኛል።

ወለተ ማርያም

ሁላችሁም ስለ ፋርስ ጦር ስትጽፉ እኔ የማውቀው ወንዝ ሳይነሣ እንዳይቀር ብዬ ነው የገባሁት። ሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16። ቅዱስ ጳውሎስ ፊልጵስዩስ ደርሶ በሰንበት ቀን ከከተማው በር ውጭ ወደ ወንዝ ዳር ወጣ፣ የጸሎት ስፍራ እዚያ ይኖራል ብሎ። ተሰብስበው ያገኛቸው ሴቶች ናቸው። ከመካከላቸው ቀይ ሐር ሻጯ ልድያ ከነቤተሰቧ ተጠመቀች።

እኔ እዚያ ሄጃለሁ። ዛሬ ምእመናን የሚሄዱበት ጅረት ዚጋክቲስ ይባላል፣ ከጥንቱ ከተማ ፍርስራሽ ትንሽ ራቅ ይላል። ጠባብ ነው፣ ከዳር ዳር ዛፍ አለው፣ ውሃው ጥርት ያለ ነው። ሰዎች ተቀምጠው የሚያዩት የድንጋይ መደዳ ተሠርቶለታል፣ አሁንም ሰው ይጠመቅበታል። ምሥራቅ መቄዶንያ የመሄድ ዕድል ካገኘሽ እህቴ አትለፊው። የኪፕሴሊዋ ሁሉም ነገር አስፋልት ሥር አልገባም።

ተራራ ይሻለኛል

አማልክት የሚማሉበት ያልሽው ስቲክስ ነው አይደል? እሱም አለ፣ በእውን የሚደረስበት ቦታ ነው። ፔሎፖኔዝ ውስጥ ኬልሞስ የሚባል ተራራ ላይ ነው። ከገደል አፋፍ 200 ሜትር ገደማ የሚወርድ ፏፏቴ አለ። በረዶ በሚቀልጥበት ጊዜ ያምራል፣ በበጋ መጨረሻ ዐለቱን የሚያረጥብ ያህል ብቻ ነው የሚቀረው። ከፔሪስቴራ መንደር ወደ ላይ መንገድ አለ፣ ግን ቀጥ ያለና ድንጋዩ የሚንሸራተት ነው፣ ደህና ጫማ ሳትይዢና ለብቻሽ እንዳትሞክሪ።

አሁንም ጋሼ ያሉት ነው የሚደገመው። ሄሮዶቶስ ስቲክስን ሲገልጽ «ጥቂት ውሃ ከዐለት ወጥቶ ወደ ጉድጓድ ይንጠባጠባል፣ ዙሪያውን የድንጋይ ካብ አለው» ዓይነት ነገር ነው የሚለው። በቃ! የስፓርታው ንጉሥ ክሌዎሜኔስ ግን የአርካድያን መሪዎች በዚህ ጥቂት ውሃ ሊያስምላቸው ይፈልግ ነበር፣ ስፓርታ ላይ ከእሱ ጋር እንዲነሡ። መሃላው የሚያስፈራው በውሃው ብዛት አይደለም። የጥንቱ ተጓዥ ጸሐፊ ፓውሳንያስ ደግሞ ውሃው ብርጭቆም ሸክላም ብረትም ይሰብራል፣ የሚችለው የፈረስ ኮቴ ብቻ ነው ይላል። ታላቁ እስክንድር በዚህ ውሃ ተመርዞ ሞተ የሚል ወሬም ነበር፣ ፕሉታርክ ግን አብዛኛው ሰው ፈጠራ ነው ብሎ እንደሚያምን ጽፏል።

ቀለል ያለ ከፈለግሽ አኬሮን ሂጂ፣ ኤጲሮስ ውስጥ። የሙታን ወንዝ የተባለው። ግሊኪ የምትባል መንደር ጋ ውሃው ውስጥ ገብተሽ በሸለቆው መሐል ትራመጃለሽ፣ እንደ ሶቅራጥስ። ውሃው በሐምሌም አጥንት ድረስ ይበርዳል። ወረድ ብሎ የሙታን መናፍስት ይጠየቁበት የነበረው ቤትም ይጎበኛል።

ድንጋይ ፈላጊ

እዚህ ላይ ትንሽ ልከራከር ተራራ። ወንዙ ልክ ነህ። ያ ሕንፃ ግን አከራካሪ ነው። ከ1958 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የቆፈረው ሶቲሪዮስ ዳካሪስ የሙታን መጠየቂያ ነው አለ። እዚያ የተገኙ የብረታ ብረት ቁርጥራጮችንም፣ ካህናቱ መናፍስት አስመስለው ሰው የሚያወጡበት ማሽን አካል አድርጎ ተረጎማቸው። በኋላ የጦር መሣሪያ አዋቂዎች ሲያዩዋቸው ድንጋይና ፍላጻ የሚወረውር የጦር መሣሪያ መለዋወጫ ሆነው ተገኙ። እህል የሚቀመጥባቸው ትልልቅ ማሰሮዎችም አሉ። ስለዚህ ዛሬ ብዙዎቹ የተመሸገ የገበሬ ቤት ነበር ይላሉ።

ያ ማለት ግን ሙታን አይጠየቁም ነበር ማለት አይደለም። ሄሮዶቶስ የቆሮንቶሱ ገዥ ፔሪያንድሮስ የሞተች ሚስቱን ለመጠየቅ ወደ አኬሮን መልእክተኛ ላከ ብሎ ጽፏል። ቦታው ግን የግድ ያ ቤት አይደለም።

ተራራ ይሻለኛል

እሺ፣ አስጎብኚዎቹ ግን ይህን አይናገሩም። ቤቱንም ቢሆን እይው እላለሁ፣ ከላዩ ሆነሽ ሜዳውን ስታዪ የጥንቱ የአኬሩስያ ሐይቅ የት እንደነበረ ይገባሻል። አሁን ሐይቁ ደርቆ እርሻ ሆኗል።

ጡረተኛው መምህር

ልጆች፣ ጥሩ ጨዋታ ነው። ስለ ኢናኮስ ማንም አላነሣም፣ እሱ የልጅቷን የመጀመሪያ ጥያቄ በደንብ ይመልሳል።

ኢናኮስ የአርጎስ ወንዝ ነው። ፓውሳንያስ በ2ኛው ክፍለ ዘመን ዓመተ ምሕረት ሲጎበኘው ዝናብ ካልዘነበ በቀር ደረቅ መሆኑን አይቷል። የአገሩ ሰዎችም ምክንያቱን ነገሩት። የባሕሩ አምላክ ፖሴይዶንና የዜውስ ሚስት ሄራ አገሩ የኔ ነው ተባብለው ተካሰሱ፣ ዳኞቹ ሦስት ወንዞች ነበሩ፣ ኢናኮስ፣ ኪፊሶስና አስቴርዮን። ለሄራ ፈረዱላት። ፖሴይዶን ተናዶ ውሃቸውን ነጠቃቸው። እውነት ለፈረዱ ዳኞች ሕዝቡ ስማቸውን አልነፈጋቸውም፣ ውሃ ባይኖራቸውም አምላክ አድርጎ ያከብራቸው ነበር።

አክብሮቱ ደግሞ የባለቅኔ ወሬ ብቻ አይደለም፣ በቤት ውስጥ የሚደረግ ነበር። የጥንቱ ባለቅኔ ሄሲዮድ ገበሬውን ሲመክር ወንዝ ከመሻገርህ በፊት ውሃውን እያየህ ጸልይ፣ እጅህን ታጠብ ይላል። ወንዝና ምንጭ ላይ መሽናትንም ይከለክላል። ሆሜር ጋ የጀግናው የአኪሊስ አባት ልጁ በደህና ከተመለሰ ጸጉሩን ለስፔርኬዮስ ሊሰጥ ተስሎ ነበር። አኪሊስ እንደማይመለስ ሲያውቅ ጸጉሩን ቆርጦ በሞተው ወዳጁ እጅ ላይ ያኖረዋል። ፊጋልያ በምትባል የተራራ ከተማም ልጆች ለኔዳ ወንዝ ጸጉራቸውን ይቆርጡ እንደነበር ፓውሳንያስ ጽፏል። ልጅ ሲያድግ ያሳደገውን ውሃ ማመስገን ነበር ነገሩ።

አንቺ አቴና ስላለሽ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ኤሌፍሲና ሂጂ፣ በአውቶቡስ ይደረሳል። እዚያም ሌላ ኪፊሶስ አለ። ንጉሠ ነገሥት ሐድርያን በ2ኛው ክፍለ ዘመን ከጎርፍ በኋላ ያሠራው ባለ አራት ቅስት የድንጋይ ድልድይ ሙሉ በሙሉ ቆሟል። ብዙ ሰው አያውቀውም።

የኪፕሴሊዋ

ጋሼ፣ ድልድዩ ግቢ ውስጥ ነው ወይስ በነፃ የሚታይ? ቅዳሜ ከልጄ ጋር ልሄድ ነው። ኬራሚኮስን ለሚያዝያ አስቀምጬዋለሁ፣ ውሃው ሳይደርቅ።

ጡረተኛው መምህር

ከዋናው የኤሌፍሲና ፍርስራሽ ግቢ ውጭ ነው፣ ለብቻው፣ ወደ አቴና በሚመለሰው በኩል። የጥንቱ ቅዱስ መንገድ ያልፍበት የነበረ ስለሆነ ያንን ስም ይዘሽ ጠይቂ፣ ያሳዩሻል።